የሙቅ ውሃ ፒፒአር ቧንቧ ሲሞቅ ለምን ይጎብጣል?

ጀማሪው፦
25 ሚሊ ፒፒአር (ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ) ቧንቧ ነው፤ ግድግዳ ላይ ከውጭ የተዘረጋ 12 ሜትር ቀጥ ያለ መስመር፣ ሁለቱም ጫፉ በኤልቦ የሚታጠፍ። ክላምፑ (ቧንቧውን ግድግዳ ላይ የሚይዘው ማሰሪያ) በየ2 ሜትሩ ሲሆን ሁሉም ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ቀዝቃዛ ሳለ ቀጥ ያለ ነው። 60 ዲግሪ ውሃ ሲገባበት ግን በክላምፖቹ መካከል እንደ እባብ ይጣመማል፤ «ጧ» የሚል ድምፅም አለው። የቧንቧው ጥራት ነው ወይስ አገጣጠሙ?

ውሃልክ፦
ቧንቧው ምንም አላጠፋም። ፒፒአር ሙቀቱ 1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በየሜትሩ 0.15 ሚሊ ገደማ ይረዝማል። በ20 ዲግሪ ከተገጠመ ልዩነቱ 40 ነው፤ 0.15 × 12 × 40 = 72 ሚሊ። ብረት ቢሆን (0.012) 6 ሚሊ እንኳ አይሞላም ነበር። ያ 7 ሴንቲ መሄጃ ሲያጣ ወደ ጎን ይወጣል። ድምፁ ደግሞ ክላምፑ አንቆ የያዘው ቧንቧ በድንገት ሲያመልጥ የሚሰማ ነው።

መሃል ላይ ያለውን አንዱን ክላምፕ ብቻ አጥብቀው፤ ሌላው ቧንቧውን ይያዝ እንጂ አያንቀው፣ በ1 ሚሊ ያህል ይላላ። ያኔ ርዝመቱ ለሁለት ይከፈልና በየጎኑ 36 ሚሊ ይሆናል። ይህን የሚቀበለው ከኤልቦው በኋላ ታጥፎ የሚሄደው ክንድ ነው። ክንዱ ስንት ይሁን? የውጭ ዲያሜትሩን በሚረዝመው መጠን አባዛ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰድ፣ በ20 ምታው፦ 25 × 36 = 900፣ ሩቱ 30፣ በ20 ሲባዛ 600 ሚሊ። ስለዚህ ከኤልቦው ጀምሮ 60 ሴንቲ ድረስ ክንዱ ላይ ክላምፕ አይታሰር። ኤልቦው ፊት ለፊት ግድግዳ ካለም ቢያንስ 4 ሴንቲ ክፍተት ይኑረው። ለመልክ ሲባል ክላምፑን ኤልቦው ሥር መምታት የተለመደ ነው፤ ግፊቱ ሁሉ ብየዳው ላይ የሚያርፈው ያኔ ነው።

2 ሜትሩም በዝቷል። 60 ዲግሪ ላይ ፒፒአር ስለሚለሰልስ ለ25 ሚሊ በየ60 እና 70 ሴንቲው ድጋፍ ያስፈልገዋል።

ሰንሰለት፦
ስሌቱ ልክ ነው፤ ምክንያቱን ልጨምር። ፕላስቲክ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ክምር ነው። በአንዱ ሰንሰለት ውስጥ ካርቦን ከካርቦን አጥብቆ ተያይዟል፤ ሰንሰለትን ከሰንሰለት የሚይዘው ኃይል ግን ደካማ ነው። ሲሞቅ ሰንሰለቶቹ ይንቀጠቀጡና ይራራቃሉ። ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኢትሊን በክፍል ሙቀትም ቢሆን በከፊል የላላ ክፍል አላቸው፤ ፒቪሲ ግን እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ድርቅ እንዳለ ስለሚቆይ በዲግሪ በየሜትሩ የሚረዝመው 0.07 ሚሊ አካባቢ ነው። ፖሊኢትሊን እስከ 0.2 ይደርሳል።

መስመሩን እንደ አዲስ ለመዘርጋት ካሰብክ መካከለኛው ንብርብሩ የመስታወት ፋይበር ያለበትን ፒፒአር ውሰድ። ፋይበሩ ፕላስቲኩን ስለሚገታው 0.035 ገደማ ይሆናል፤ 12 ሜትሩ 17 ሚሊ ብቻ ይረዝማል። ያም ቢሆን መላወሻ ይፈልጋል፤ «ፋይበር ነው» ተብሎ ዳር እስከ ዳር አይታነቅም።

ጀማሪው፦
አመሰግናለሁ። ግድግዳ ውስጥ ብቀብረውስ? ልስኑን አይሰነጥቀውም?

ውሃልክ፦
በደንብ ዙሪያውን ከታጨቀ ችግር የለውም። ፒፒአር ለስላሳ ስለሆነ መጎበጫ ሲያጣ ውጥረቱን ራሱ ውስጥ ይይዘዋል፤ ውጥረቱም በጊዜ ብዛት ይረግባል። ልስን የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ ቧንቧው ከላይ ስስ ሽፋን ብቻ ሲኖረው ወይም ዙሪያው ባዶ ሲቀር ነው። ኤልቦና ቲ (ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ) ላይ ስፖንጅ ጠቅልል።

ይበልጥ የሚያሰጋው የናስ ጥርስ ያለው መገጣጠሚያ ነው። ናስ 0.019፣ ዙሪያውን ያቀፈው ፕላስቲክ 0.15፤ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ሁለቱ እኩል አይሄዱም። በዚያ ላይ ቧንቧው ከጎተተው በናሱና በፕላስቲኩ መካከል ማንጠብጠብ ይጀምራል። ቧንቧው ከውጭ ከሆነ ከመገጣጠሚያው አጠገብ አንድ ጥብቅ ክላምፕ አድርግ፤ መሃል ላይ ያለው ጥብቅ ክላምፕ ግን በዚያው መስመር ላይ ከሆነ ይላላ፤ ሁለት ጥብቅ ነጥብ ፊት ለፊት ከተገናኘ ያው መጎበጡ ይመለሳል። ስሌቱም ከአዲሱ ነጥብ ተነስቶ እንደገና ይሠራል።