የዕቅድ ውይይት፦ ጥቂት ሰው ለሚኖርባቸው ትንንሽ ቤቶች የሴፕቲክ ታንክ መጠን

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሴፕቲክ ታንክ የቤት ፍሳሽ የሚጠራቀምበትና ቆሻሻው የሚዘቅጥበት፣ መሬት ውስጥ የሚቀበር ታንክ ነው። የዕቅዱ ረቂቅ አንቀጽ 2 «የታንኩ መጠን በነዋሪው ብዛት ይወሰን» ይላል። ክርክር ያስነሳው ይሄ ነው። ሐሳባችሁን እዚሁ ጻፉና አብረን እናስተካክለው።

ባለ አንድ መኝታ ቤት አባል፦
እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። ለሁለት ሰው 1,000 ሊትር ምን አነሰው? ከዚያ በላይ መቅበር ገንዘብ መቅበር ነው።

ቧንቧ ሠራተኛ፦
ወንድሜ፣ ሒሳቡን እንየው። አንድ ሰው በቀን 150 ሊትር ይጠቀማል እንበል፤ ሁለት ስትሆኑ 300 ነው። የታንኩን ሲሶ ዝቃጭ ሲይዘው ለውሃ የሚቀረው 670 ሊትር ገደማ ነው። ፍሳሹ ሁለት ቀን ይቆያል፣ እሰየው። አሁን እንግዳ መጣና ስድስት ሆናችሁ። በቀን 900 ሊትር! ውሃው አንድ ቀን እንኳ ሳያድር ይወጣል። ቆሻሻው ለመዝቀጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ይፈልጋል። ካልዘቀጠ ወደ ማስረጊያው፣ ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ወደ አፈር ወደሚሰርግበት ቦታ፣ ያልፋል። ማስረጊያው ከተደፈነ ደግሞ ታንኩን ማስመጠጥ አያድነውም፣ አዲስ ቁፋሮ ነው።

መሐንዲስ፦
በዚህ እስማማለሁ። ሰው ይገባል ይወጣል፣ ቤቱም ይሸጣል፤ መኝታ ክፍሉ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ በመኝታ ክፍል ይሰላ፣ ለአንዱ ክፍል ሁለት ሰው። ከዚህ አይነስ የሚባል ዝቅተኛ መጠንም ይኑረው። የእንግሊዝ የሕንፃ መመሪያ እስከ 4 ሰው ድረስ 2,700 ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ሰው 180 ሊትር ጨምሩ ይላል። ለሁለት ሰው ይበዛ ይሆናል። ግን ግማሹ በዝቃጭ ቢሞላ እንኳ ውሃው ከአራት ቀን በላይ ይቆያል፤ መጣጭ መኪናም ቶሎ ቶሎ አይጠራም።

ባለ አንድ መኝታ ቤት አባል፦
እሺ፣ በታንኩ ተረታሁ። ማስረጊያውስ? ግቢዬ ጠባብ ነው።

መሐንዲስ፦
እሱን የሚወስነው አፈሩ ነው። ማስረጊያ ቧንቧው ከሚያርፍበት በታች፣ ጎኑም ጥልቀቱም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉትና ይደር። በማግስቱ እንደገና ሞልታችሁ፣ ከሦስት ሩብ ወደ አንድ ሩብ እስኪወርድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ያዙ። ለ150 አካፍሉት፤ ውሃው የወረደው 150 ሚሊ ሜትር ነውና። የመጣውን ቁጥር በሰው ብዛትና በ0.25 ስታባዙ የማስረጊያው ስፋት በካሬ ሜትር ይወጣል። 4,500 ሰከንድ ከፈጀ 30 ነው፤ ለሁለት ሰው 15 ካሬ ማለት ነው። ለ150 ስታካፍሉ የመጣው ቁጥር ከ15 በታች ወይም ከ100 በላይ ከሆነ ቦታው አይሆንም። አንድ ጉድጓድ አይበቃም፤ ቢያንስ በሁለት፣ በእያንዳንዱም ሦስት ጊዜ።

ሌላ አባል፦
ደረቅ ሽንት ቤት ያለው ቤትስ ይቀነስለት?

ቧንቧ ሠራተኛ፦
ታንኩ ላይ መነጋገር ይቻላል። ማስረጊያው ግን እንዳለ ይሁን። የማጠቢያ ውሃ ቅባትና ሳሙና ይዞ ነው የሚወርደው፣ ሲያዩት ንጹሕ ቢመስልም። ደግሞ የጣሪያ ውሃ ወደ ታንኩ እንዳይገባ ይጻፍልኝ። ከአንድ ኃይለኛ ዝናብ የሚሰበሰበው ውሃ ያን ሁሉ ዝቃጭ አማስሎ ያስወጣዋል።

ጸሐፊ፦
አንቀጽ 2 እንዲህ ተስተካክሏል፦ «መጠኑ በመኝታ ክፍል ብዛት ይሰላ፣ ከ2,700 ሊትር አይነስ፤ የማስረጊያው ስፋት በአፈር ሙከራ ይወሰን፤ የዝናብ ውሃ አይግባ።» የደረቅ ሽንት ቤቱን ነገር ለብቻው አንቀጽ 5 ላይ አስቀምጬዋለሁ። የመክፈቻ ክዳኑ ከመሬት በላይ ይሁን ወይስ ይቀበር የሚለው ገና አልተነካም። እሱ ላይ ጻፉ።