ሱሉልታ ላይ የጃፓን ቼሪ ሲያብብ ያየ አለ?

ሰላም ወገኖች። ሱሉልታ ግቢዬ ውስጥ ለአበባው ብቻ የሚተከለውን የጃፓን ቼሪ ልተክል አስቤ ግራ ገባኝ። ችግኝ ሻጩ «ካንዛን» የሚባለውን፣ ድርብርብ ሮዝ አበባ ያለውን አመጣልሃለሁ ይላል። ይሄ ዘር ግን በደንብ የሚያብበው ረጅም ብርድ ሲያገኝ ነው። የእኛ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ሌሊት ሣሩን ነጭ ያደርግና ረፋድ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ይሄም ብርድ ተብሎ ይቆጠርለታል? ትንሽ ብርድ የሚበቃው፣ ደወል መሳይ አበባ ያለው የታይዋን ቼሪ ይሻለኝ ይሆን?

አፈሩም ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፣ የቼሪ ሥር ደግሞ ይህን አይችልም። አፈር ከምሬ ከፍ አድርጌ ብተክለው ይበቃል ወይስ ቦይ ልቅደድ? እዚህ አካባቢ ያበበለት ካለ ዘሩንና ወሩን ይንገረኝ። ቅጠል ብቻ ከሆነማ ዘመዱን፣ የራሳችንን ጥቁር እንጨት እተክላለሁ።