ቀረጻው ላላለቀ ፊልም ቀን መቁረጥና ትኬት መሸጥ ይገባልን?

አወያይ፦

የዛሬው የመከራከሪያ ሐሳብ «ስቱዲዮዎች የአንድን ፊልም መውጫ ቀን ማወጅም ሆነ ትኬቱን መሸጥ ያለባቸው ቀረጻው ካለቀ በኋላ ብቻ ነው» የሚል ነው። ጥያቄው የተነሣው በ2026 አጥብቀን የምንጠብቃቸውን ፊልሞች ስንመርጥ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) በምርጫው ከላይ የተቀመጡት የክሪስቶፈር ኖላን «ዘ ኦዲሲ»፣ የዴኒ ቪልነቭ ሦስተኛው «ዱን» እና «አቬንጀርስ፦ ዱምስዴይ» ናቸው። የመጀመሪያው ለጁላይ 17 ተቀጥሯል፤ ሁለቱ ደግሞ ለአንድ ቀን፣ ለዲሴምበር 18።

ውዝግቡን ያመጣው «ዘ ኦዲሲ» ነው። የዚህ ፊልም የ70 ሚሊ ሜትር አይማክስ (በግዙፍ ስክሪን ላይ የሚታይ ሰፊ የፊልም ዓይነት) ትኬቶች ለሽያጭ የቀረቡት ፊልሙ ሊወጣ ድፍን አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ጁላይ 17 ቀን 2025 ሲሆን፣ በዚያን ዕለት ቀረጻው ራሱ ገና አልተጠናቀቀም ነበር። እንደዚያም ሆኖ የብዙዎቹ አዳራሾች ወንበሮች በሰዓታት ውስጥ አለቁ። እኔ በበኩሌ ወደ ቀረበው ሐሳብ አዘነብላለሁ፤ አወያይ ሆኜ ሳለሁ ይህን ከምደብቅ ከወዲሁ ብታውቁት ይሻላል።

ዘጠነኛ ረድፍ፦

ሐሳቡን እደግፋለሁ። ስክሪፕቱ ሳይጻፍ የሚታወጅ ቀን ለእኛ ለተመልካቾች የተነገረ ዜና ይመስላል እንጂ፣ በዋነኝነት የሚነገረው ለባለ አክሲዮኖች፣ ለአሻንጉሊት አምራቾችና ለተፎካካሪ ስቱዲዮዎች ነው። ኦክቶበር 2014 ላይ ማርቨል ስቱዲዮስ በአንድ መድረክ ላይ ቆሞ ለቀጣዮቹ ዓመታት ያሰባቸውን ፊልሞች ከነቀናቸው ሲዘረዝር፣ «ብላክ ፓንተር» እና «ኢንሂዩማንስ» ጎን ለጎን ተጠርተው ነበር። የመጀመሪያው በ2018 ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ፤ ሁለተኛው ግን ፊልም ሳይሆን ቀርቶ በ2017 የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ብቅ አለ። በዚያ ምሽት ያጨበጨበ ሰው የትኛው እውነት፣ የትኛው ምኞት እንደሆነ የሚለይበት አንዳች ምልክት አልነበረውም።

የዚያው የማርቨል «ብሌድ» ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በ2019 መሪ ተዋናዩ ማሀርሻላ አሊ መድረክ ላይ ወጥቶ ታወጀ። ከዚያ በኋላ አንዱ ዳይሬክተር ሄደ፣ ሌላው ተተካ፣ እርሱም ሄደ፤ ቀኑም ደጋግሞ ተገፋ፤ በመጨረሻም ኦክቶበር 2024 ላይ ከመርሐ ግብሩ ተሰረዘ። ዛሬ ሁላችን የምንጠብቀው «ዱምስዴይ» እንኳ በ2022 ሲታወጅ ርእሱ ሌላ፣ ባላንጣው ሌላ፣ ቀኑም ሜይ 2025 ነበር። ርእሱ ተለወጠ፣ ባላንጣው ተለወጠ፣ ዳይሬክተሩ ተለወጠ፤ ቀኑም መጀመሪያ ወደ ሜይ 2026፣ ቀጥሎም ወደ ዲሴምበር ተሸጋገረ። እንግዲህ በ2022 ስንጠብቅ የነበረው ምኑን ነው?

ፊልም ጥቅል፦

እኔ ሐሳቡን እቃወማለሁ፤ ምክንያቴንም ከፊልሙ ቁስ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ክርክር ሁሉም ሰው ስለ ስቱዲዮው ሲያወራ ስለ ማሳያ ክፍሉ የሚያስብ አላየሁም።

በ70 ሚሊ ሜትር አይማክስ ፊልሙ በማሳያ ማሽኑ ውስጥ የሚሄደው እንደ ተለመደው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ነው። አንዷ ምስል ብቻዋን አሥራ አምስት የጠርዝ ቀዳዳ (ማሽኑ ፊልሙን የሚጎትትባቸው ቀዳዳዎች) ያህል ቦታ ትይዛለች፤ በየሰከንዱም ሃያ አራት ምስሎች ያልፋሉ። በዚህ ስሌት ፊልሙ በየሰከንዱ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይበላል ማለት ነው። በ2023 የወጣው «ኦፐንሃይመር» ሦስት ሰዓት ስለነበር ጥቅሉ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 270 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ነበረው። ይህን የሚሸከም ማሳያ ያላቸው አዳራሾች በመላው ዓለም በጣት የሚቆጠሩ አሥሮች ናቸው፤ ማሽኑን የሚያውቁ ባለሙያዎችም ከዚያው ጋር የሚመጣጠኑ ናቸው። የቆመ ማሽን መጠገን፣ መለዋወጫ መፈለግ፣ ሰው ማሠልጠን፣ ቅጂ ማተም፣ ይህ ሁሉ በአንድ ወርና በሁለት ወር የሚያልቅ ሥራ አይደለም። «ዘ ኦዲሲ» ደግሞ ሙሉ በሙሉ በአይማክስ የፊልም ካሜራ የተቀረጸ የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ፊልም ነው። የአዳራሽ ባለቤት ወንበሩ እንደሚሞላ ከዓመት በፊት ካላወቀ ለዚህ ዝግጅት ገንዘቡን ምን ብሎ ያወጣል?

ቀን አስቀድሞ መያዝም ለተመልካች የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ዲሴምበር 18ን ተመልከቱ፤ «ዱን» እና «ዱምስዴይ» በአንድ ቀን ቢቀጠሩም የአይማክስ አዳራሾቹን ቀድሞ የያዘው «ዱን» ነው። ሁለቱም ቀረጻ እስኪያልቅ ቢጠብቁ ኖሮ ሽሚያው ከመውጫቸው ጥቂት ወራት በፊት ይፈነዳና አቅሙ ያለው ስቱዲዮ ሌላውን ገፍትሮ ይገባ ነበር።

ከክሬዲት በኋላ፦

ስለ ማሽኑ የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን አዳራሽ መያዝና ትኬት መሸጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስቱዲዮውና የአዳራሹ ባለቤት በመካከላቸው ውል ሊዋዋሉ ይችላሉ፤ የእኔ ገንዘብ ለምን ዓመት ሙሉ በእነርሱ እጅ ይቀመጣል? ያለቁት ወንበሮች ብዙም ሳይቆዩ ከመደበኛው ዋጋ በብዙ እጥፍ በሁለተኛ እጅ ሽያጭ ላይ ብቅ ማለታቸውንም አንርሳ። በዓመት ውስጥ የሰው ሥራ ይለወጣል፣ ጤና ይታወካል፤ ቀድሞ የሚገዛው ግን ሁልጊዜ የፊልሙ ወዳጅ ሳይሆን ፈጣን እጅ ያለው ነጋዴ ነው።

ጨለማ አዳራሽ፦

እስካሁን የተባለውን በጥሞና አነበብሁ፤ ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ዘለዋል ብዬ አምናለሁ። ቀን አስቀድሞ የመቁረጥ ልማድ ዋናው ጉዳቱ መዘግየቱ ወይም መሰረዙ ሳይሆን፣ ምን ዓይነት ፊልም እንደሚሠራ ከወዲሁ መወሰኑ ነው። ታሪኩ ገና ላልተጻፈ ፊልም ቀን ልትቆርጥለት የምትችለው ስሙ ብቻውን ሰው የሚጠራ ከሆነ ነው። «ቶይ ስቶሪ 5» ለጁን 19 ቀን 2026 ተቀጥሯል ሲባል ማንም «ስለ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። በማንም የማይታወቅ አዲስ ታሪክ ግን ከሦስት ዓመት በፊት ቢታወጅ ማን ይሰማዋል? ስለዚህ የዓመቱ ምርጥ ሳምንታት በሙሉ አስቀድመው በተከታይ ክፍሎች ይያዛሉ፤ አዲሱ ሥራ የሚደርሰው የተረፈው ቀን ነው። በ2024 በዓለም ዙሪያ ከፍተኛ ገቢ ካስገኙት አሥር ፊልሞች ዘጠኙ የቀደመ ፊልም ቀጣይ ወይም ቅድመ ታሪክ ነበሩ፤ አሥረኛው «ዊኪድ» ሲሆን እርሱም ከታወቀ የመድረክ ሙዚቃዊ ድራማ የተወሰደ ነው።

ከአንድ ስቱዲዮ ሁለት ፊልም እንውሰድ። የፒክሳር «ኢንሳይድ አውት 2» በ2024 ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በቀጣዩ ዓመት፣ በዚያው በጁን ወር የወጣው አዲስ ታሪክ «ኤሊዮ» ግን በአሜሪካ የመጀመሪያ ሳምንት መጨረሻው 21 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም፤ በስቱዲዮው ታሪክ ዝቅተኛው መክፈቻ ሆነ። የልዩነቱ መንሥኤ ይህ ብቻ ነው አልልም። ይሁንና የምንጠብቃቸውን ፊልሞች የመረጥንበትን ዝርዝር መልሳችሁ ብታዩት፣ ብዙዎቻችን የመረጥነው ያየነውን ነገር እንደገና ለማየት ነው። ጉጉታችን ራሱ ተመርቶ የሚሸጥልን ዕቃ ሆኗል።

ፊልም ጥቅል፦

ይህ ለጆሮ ደስ የሚል ክስ ነው፤ ነገር ግን ማስረጃው ይቃወመዋል። በዚያው በ2026 የስቲቨን ስፒልበርግ «ዲስክሎዠር ዴይ» ለጁን 12፣ የአሌሃንድሮ ኢኛሪቱ «ዲገር» ለኦክቶበር 2 ተቀጥረዋል፤ ሁለቱም የማንም ተከታይ አይደሉም። በኤፕሪል 2025 የወጣው የራያን ኩግለር «ሲነርስ»ም አዲስ ታሪክ ነበር፤ ከመውጣቱ በፊት ቀን ተቆርጦለት፣ ማስታወቂያ ተሠርቶለት፣ በአይማክስ ታይቶ በዓለም ዙሪያ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ያውም ዳይሬክተሩ የፊልሙ ባለቤትነት ከ25 ዓመት በኋላ ወደ እርሱ እንዲመለስ ተዋውሎ ነው። ቀን መቁረጥ ለአዲስ ሥራ ጠላቱ ቢሆን ኖሮ ይህ እንዴት ሆነ?

ጨለማ አዳራሽ፦

የጠቀሷቸውን ስሞች እርስዎ ራስዎ ይመልከቷቸው፦ ስፒልበርግ፣ ኢኛሪቱ፣ ኩግለር። ታሪኩ አዲስ ቢሆንም ቀኑን የገዛው የዳይሬክተሩ ስም ነው፤ በ«ዲገር» ላይ ደግሞ የቶም ክሩዝ ስም ተጨምሮበታል። የመጀመሪያ ፊልሙን የሚሠራ ወጣት ከእነዚህ ስሞች አንዱም የለውም። ጥያቄዬም ስለ እርሱ ነው።

ዘጠነኛ ረድፍ፦

ወደ ተነሣንበት ሐሳብ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም የቀኑን ዋጋ የሚከፍል ሌላ ወገን ስላለ ነው፤ የምስል ማሳመሪያ ባለሙያው። ቀን ከተቆረጠ በኋላ ስክሪፕቱ ቢዘገይ፣ ቀረጻው ቢደገም፣ ዳይሬክተሩ ሐሳቡን ቢለውጥ፣ ያ ሁሉ የባከነ ጊዜ የሚካካሰው በመጨረሻው ሥራ ላይ በተቀመጡት ሰዎች እንቅልፍ ነው። በሴፕቴምበር 2023 የማርቨል የምስል ማሳመሪያ ሠራተኞች በማኅበር ለመደራጀት በሙሉ ድምፅ መወሰናቸው ከሰማይ የወረደ ነገር አልነበረም። የዚህ ተቃራኒ የሆነውንም አይተናል። በኤፕሪል 2019 ከቪዲዮ ጨዋታ የተወሰደው የ«ሶኒክ» ፊልም የመጀመሪያ ማስተዋወቂያ ሲወጣ የገጸ ባሕርይው መልክ፣ በተለይም የሰው የሚመስሉት ጥርሶቹ፣ የተመልካችን ቁጣ ቀሰቀሱ፤ ስቱዲዮውም መውጫውን ከኖቬምበር 2019 ወደ ፌብሩዋሪ 2020 ገፍቶ መልኩን እንደገና አሠራ። ፊልሙ ከመዘግየቱ ተጠቀመ እንጂ አልተጎዳም። ቀን ማጠፍ የሚቻል ከሆነ ታዲያ ያን ያህል ቀድሞ መቁረጡ ለምን አስፈለገ?

ከክሬዲት በኋላ፦

መዘግየት ሰውን አያርቅም በሚለው እስማማለሁ። ሁለተኛው «አቫታር» መጀመሪያ ለ2014 ተቀጥሮ በዲሴምበር 2022 ሲወጣ ከ2.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ሁለተኛው «ዱን» በ2023ቱ የተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ከኖቬምበር 2023 ወደ ማርች 2024 ቢገፋም አዳራሾቹ ሞልተዋል። ይህ ግን ለእኔ ክርክር እንጂ ለቀን ቆራጮች አይሆንም፤ ስምንት ዓመት የዘገየን ፊልም ትኬት አስቀድሞ የገዛ ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ይባል ነበር?

አወያይ፦

ክርክሩ ሐሳቡን ለሁለት የሚከፍል ሆኗል። ቀን ማወጅ ለአዳራሾች ዝግጅት አስፈላጊ መሆኑን የተቃዋሚው ወገን በቂ አድርጎ ያስረዳ ይመስለኛል፤ ትኬትን በተመለከተ ግን እስካሁን ያሳመነኝ መልስ አልሰማሁም። ስለዚህ ሐሳቡ «ትኬት መሸጥ ያለበት ቀረጻው ካለቀ በኋላ ብቻ ነው» ተብሎ ቢጠብ ትቀበላላችሁ?

ፊልም ጥቅል፦

የጠበበውንም አልቀበለውም፤ ምክንያቱም «ቀረጻው ካለቀ በኋላ» የሚለው መስፈርት ይጠብቀናል ብላችሁ ከምታስቡት ነገር አይጠብቀንም። «ባትገርል» ቀረጻው አልቆ ነበር፤ በኦገስት 2022 ዋርነር ብራዘርስ ዲስከቨሪ ከነጭራሹ ላለማውጣት ወሰነ፤ ሕዝብም አላየውም። «ካዮቲ ቨርሰስ አክሚ» ደግሞ ከቀረጻም አልፎ ሙሉ በሙሉ የተጠናቀቀ ፊልም ነበር፤ ኖቬምበር 2023 ላይ ያው ኩባንያ ለግብር ማካካሻ ሲል መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጠው ቆረጠ። የፊልም ሠሪዎችና የተመልካቾች ጩኸት ሲበረታ ለሌላ አከፋፋይ እንዲሸጥ ተፈቀደ፤ በ2025 ኬቸም ኢንተርቴይንመንት ገዝቶት አሁን ለኦገስት 28 ቀን 2026 ተቀጥሯል። በአንጻሩ «ዘ ኦዲሲ» ትኬቱ ሲሸጥ ካሜራው እየሠራ ነበር፤ ይሁን እንጂ ይወጣል አይወጣም ብሎ የተጠራጠረ አልነበረም።

የፊልም መውጣት የሚወሰነው በካሜራው መቆም ሳይሆን ገንዘቡን በያዘው ሰው ፈቃድ ነው። ገዢውን ለመጠበቅ ከፈለግን ቀኑ ከተነገረው ቢያልፍ ወይም ፊልሙ ቢሰረዝ ገንዘቡ ሳይጠየቅ የሚመለስበትን፣ አንድ ሰው የሚገዛውም የትኬት ብዛት የሚገደብበትን ደንብ እንጠይቅ። አወያዩ «ቀረጻው ካለቀ በኋላ» የሚለውን ሰርዘው ይህን ከተኩበት ድምፄን ከእናንተ ጋር እሰጣለሁ፤ እንዳለ የሚቀርብ ከሆነ ግን ተቃውሞዬ ይመዝገብልኝ።

ከክሬዲት በኋላ፦

በዚህ አጻጻፍ እኔም እፈርማለሁ፤ ሆኖም ትኬቱ በሌላ ሰው ሲሸጥ ከመጀመሪያው ዋጋ እንዳይበልጥ የሚለው ይጨመርበት።

ጨለማ አዳራሽ፦

እኔ አልፈርምም። ደንቡ ትኬት የገዛውን ይጠብቃል፤ ለመጀመሪያ ፊልሙ ባዶ ሳምንት ያጣው ወጣት ግን አሁንም በዚህ ወረቀት ላይ አልተጠቀሰም።