ልጃቸው ከኮሌራ ድኖ ከተመለሰ በኋላ ሰፈሩ የሸሻቸው ጎረቤታችን፦ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ጠያቂ፦ የሳቢያን መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ የምኖር መምህርት ነኝ። ምክር የምጠይቀው ስለ ራሴ ጉዳይ አይደለም፤ ዝም ማለቴ ራሱ በደል እየሆነብኝ ስለመጣ ነው።

ከእኛ በር ሦስተኛው ቤት የሚኖሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ብሎ የሚጠራቸው እናት አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ። ባለፈው ክረምት ቧንቧው ለብዙ ቀናት ደርቆ ሁላችንም ከቦቴ እየቀዳን በሰነበትንበት ጊዜ፣ መካከለኛው ልጃቸውን ሌሊት ላይ ተቅማጥና ትውከት ያዘው። እትዬ እስኪነጋ አልጠበቁም፤ ባጃጅ አስቆመው ልጁን ታቅፈው ሄዱ። ኮሌራ መሆኑ ተነገራቸው። በሦስተኛው ቀን ልጁ በእግሩ እየሄደ ተመለሰ።

ሰፈሩ ግን ልጁ ከመመለሱ በፊት ፊቱን አዙሮ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነጭ ልብስ የለበሱ፣ ጓንት ያጠለቁ፣ ፊታቸውን የሸፈኑ ሠራተኞች መጥተው በሩን፣ መጸዳጃ ቤቱንና ግቢውን ክሎሪን ረጩ። መርጨታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን በር ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ አንድም ቃል ሳይናገሩ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ክሎሪኑ ሰማያዊውን የቆርቆሮ በር አደብዝዞት ቀረ፤ የሰፈሩ ልጆችም ያንን እያሳዩ «የኮሌራ ቤት» ማለት ጀመሩ። ሁለት ወር አልፏል፤ ስሙ እስከ ዛሬ አልተነሣም። እንጀራ ይወስዱ ከነበሩት ደንበኞቻቸው አብዛኞቹ ወደ ሌላ ሰፈር እየሄዱ ይገዛሉ።

ባለፈው እሑድ አንዲት ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ለሁላችንም በሲኒ ሲቀዳ ለእትዬ ብቻ ቡናው የመጣው በሚጣል የፕላስቲክ ብርጭቆ ነበር። በሙቀቱ የተጣመመውን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ «ተባረኪ» ብለው አቦሉን ጠጡና ቶናው ሳይደርስ ተነሡ። ማንም «ይቆዩ» አላላቸውም። እኔም አላልኩም፤ ዛሬ የምጽፈውም በዚህ የተነሣ ነው።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር አለ። በቅርቡ የአንዲት ሌላ ጎረቤት ሕፃን ተቅማጥ ይዞት ሲሰነብት እናቱ በሯን ዘግታ ሻይ በሎሚ ታጠጣው ነበር። ስንጠይቃት «ጥርስ እያወጣ ነው» ትላለች። ልጁ ደህና ከሆነ በኋላ ነው እውነቱን የነገረችኝ፦ «እንደ እትዬ ቤት በሬ ላይ እንዲረጩብኝ ስላልፈለግሁ ነው ያልወሰድኩት» አለችኝ።

ጉዳዩን በእድር ስብሰባ ላይ ላንሣው? ወይስ ማንሣቴ እትዬን የባሰ ያሳፍራቸዋል? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ አስተያየታችሁን ስጡኝ።

መልስ 1፦ ጡረተኛ ነርስ

እህቴ፣ በሥራ ዘመኔ በተለያየ ጊዜ በኮሌራ ሕክምና ማዕከላት አገልግያለሁ። ከሁሉ በፊት የሕፃኑን እናት ነገር ላንሣ፤ ከጻፉት ሁሉ አጣዳፊው እርሱ ነው። በጠና የታመመ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። ሕክምና ያላገኘ ከባድ ሕመምተኛ የመሞት ዕድሉ እስከ ግማሽ ይደርሳል፤ በጊዜ የደረሰ ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መድኃኒቱ ውድ ስለሆነ የመጣ አይደለም፤ አብዛኛው ሕመምተኛ የሚድነው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በሚበጠበጥ አንድ ፓኬት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ነው፣ ሕዝቡ ግሉኮስ የሚለው በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ የሚያስፈልገው ለከባዶቹ ብቻ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው በሰዓቱ መድረስ ነው። ስለዚህ በሯን የዘጋችው እናት በልጇ ሕይወት ላይ አደጋ የጋበዘችው ካለማወቅ ሳይሆን በእትዬ ላይ የሆነውን አይታ ነው።

ስለ መተላለፊያው ደግሞ ሰፈራችሁ አጥርቶ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ኮሌራ በትንፋሽ አይተላለፍም፤ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ ቡና በመጠጣትም አይይዝም። ባክቴሪያው ከሰው ሰገራ ወጥቶ በውኃ፣ በምግብ ወይም ባልታጠበ እጅ አማካይነት ሌላ ሰው አፍ መግባት አለበት። ባክቴሪያው ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም፣ ወይም ቀለል ያለ ተቅማጥ ብቻ ይዟቸው ያልፋል፤ ይሁን እንጂ ከ1 እስከ 10 ቀን ድረስ በሰገራቸው ሊያወጡት ይችላሉ። ሁላችሁም ከአንድ ቦቴ ስትቀዱ ከነበረ፣ በሽታው በእትዬ ቤት ብቻ ገብቶ በእትዬ ቤት ብቻ ቀርቷል ብሎ ማሰብ የሚቻል አይመስለኝም። በሌሎች ቤቶችም ሳይታወቅ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ የእርሳቸው ልጅ ስለታከመ ታወቀ።

እንጀራውን በተመለከተ በሐቅ መናገር አለብኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደንበኛ ቢጠነቀቅ አልወቅስም፤ ቤት ውስጥ ሕመምተኛ ያለው ሰው ለሌላ ምግብ ባያዘጋጅ ይመረጣል። በምጣድ ላይ ያለው ሙቀት ባክቴሪያውን ይገድለዋል፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እንጀራው ከወጣ በኋላ ለሚነካው እጅ፣ ለሚሸፈንበት ጨርቅና ለሚረጭበት ውኃ ነው። እጅ በሳሙና ከታጠበ፣ ውኃው በውኃ አጋር ከታከመ ወይም ከፈላ፣ ከሁለት ወር በኋላ የእትዬን እንጀራ ከሌላው እንጀራ የሚለየው ነገር የለም።

በልቤ የቆየ ነገርም አለ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ቺኩንጉንያ ድሬን ሲያጥለቀልቃት ታስታውሳላችሁ? ጎረምሳው ሁሉ እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ፣ ግድግዳ ይዞ ይሄድ ነበር። ያኔ «በእኔም ቤት ገባ» ብሎ ለመናገር ያፈረ ሰው አላየሁም፤ ሁሉም ቁርጥማቱን እርስ በርሱ ያወራ ነበር። ያ በሽታ በትንኝ ነው የመጣው፤ ትንኟም የምትራባው ውኃ ስለሚጠፋብን በየቤታችን በምናጠራቅምበት በርሜል ነው። ኮሌራም በዚያው በውኃ እጦት ነው የገባው። ነገር ግን ኮሌራ ከሰገራ ጋር ስለሚያያዝ «ቆሻሻ ስለሆኑ ነው» የሚል ፍርድ ይከተለዋል። ለዓመታት በየመግለጫው «አተት» (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) እየተባለ ስሙ ሲሸፋፈን መቆየቱም አልጠቀመንም ባይ ነኝ። ሰው በስሙ በማይጠራ በሽታ ሲያዝ የሚያፍርበት ነገር ይመስለዋል።

መልስ 2፦ የገንደ ቆሬ አባት

በሲስተር ማብራሪያ ላይ የምቃወመው የለኝም፤ ነገር ግን በሸሹት ሰዎች ቦታ ቆሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ እኔም ከሸሹት አንዱ ነበርኩና። በእኛ ሰፈር ተመሳሳይ ነገር ሲደርስ ሦስት ትንንሽ ልጆች ነበሩኝ። ጎረቤቴን ጠልቼው አይደለም በሩን አልፌ ሰላም ሳልለው የሄድኩት። ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች እንኳ የማይነኩትን ነገር እኔ በምን ልንካው? የሚመጣው ሰው አደጋ መኖሩን በልብሱ ያሳየናል፤ አደጋው ሲያልፍ ግን «አልፏል» ብሎ የሚነግረን ሰው አይመለስም። ፍርሃቱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልተበጀለትም።

ስለዚህ መምህርት፣ በስብሰባው ላይ ሰዎቹን ክፉ አድርገው ከመገሠጽ ይልቅ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይዘው ይሂዱ። ያለ ጭምብል፣ በተለመደ ልብሷ መጥታ እትዬ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ትታይ። እኔን ያዳነኝ ይህ ነው። የሰፈራችን ኤክስቴንሽን ጎረቤቴ ቤት ገብታ ከልጁ ጋር ከአንድ ሳህን ስትበላ በመስኮት አየሁ፤ በዚያው ምሽት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ጎረቤቴ ይቅር ብሎኛል፤ ባለቤቱ ግን እስከ ዛሬ ሰላምታዬን የምትመልሰው ቀና ሳትል ነው፤ አልፈርድባትም።

መልስ 3፦ ከጀጎል

ከሐረር ነው የምጽፈው። እኛ ዘንድ ይህ ጉዳይ ረጅም ዕድሜ አለው። ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው ቢሲድሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከስልሳ ዓመት በላይ ሲታከሙ ኖረዋል። የአያቴ ታናሽ ወንድም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። የሥጋ ደዌ ዛሬ በጥምር መድኃኒት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለ ጊዜ ይድናል፤ እርሳቸውም ድነው ነበር፤ ሐኪሞቹም ወደ ቤታቸው መመለስ እንደሚችሉ ነገሯቸው። ነገር ግን «የእገሌ የእህት ልጅ» እየተባሉ ለሚታጩት የእህቶቻቸው ሴት ልጆች አስበው አልተመለሱም። አያቴ በየዓረፋው ምግብ ይዘው ይሄዱላቸው ነበር፤ የሚሄዱበትን ግን ለጎረቤት አይናገሩም። ከበሽታው የዳነ ሰው ከስሙ ሳይድን ሞተ።

ይህን የማነሣው አንድ ነገር ለማስጠንቀቅ ነው። መምህርት፣ ለእድሩ ከመናገርዎ በፊት እትዬን ያስፈቅዱ። ሰው ያለ ፈቃዱ የመወያያ አጀንዳ ሲሆን፣ ደግፈነዋል ብለን የምናስብበት ስብሰባ ለእርሱ ሁለተኛ ርጭት ይሆንበታል። በእኛ አፎቻ፣ ማለትም እንደ እድር ባለው የሐረር መረዳጃ ማኅበር፣ አንድ ጊዜ በዚሁ መልክ የተነሣ ጉዳይ ነበር፤ ተናጋሪው በቅንነት ነው የተናገረው፤ የተጠቀሰችው ሴት ግን ከዚያ ቀን በኋላ ወደ አፎቻው ተመልሳ አልመጣችም። እትዬ ካልፈቀዱ፣ ስማቸው ሳይነሣ ስለ ኮሌራ መተላለፊያ ብቻ ትምህርት እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል።

መልስ 4፦ የጅቡቲ መስመር ሹፌር

በአጭሩ ልናገር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ጊዜ ከጅቡቲ ዕቃ ጭነን የምንመጣ ሹፌሮች በመንገድ ላይ ባሉ ከተሞች ምግብ የሚሸጥልን አጥተን ዳቦ በመስኮት እየተወረወረልን አልፈናል። ያመጣነው ዱቄትና ዘይት ግን ይፈለግ ነበር። ያኔ እኔን የሰበረኝ የማያውቀኝ ሰው አይደለም፤ ድሬ ስገባ ሚስቴ «ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለሚሰደቡ መኪናህን ሰፈር አታቁም» ያለችኝ ነው። እትዬ ከደንበኛው ይልቅ በልጆቻቸው የሚሰማቸው ይበልጣል ብዬ እገምታለሁ። መምህርት ስለሆኑ ከክፍልዎ ቢጀምሩ መልካም ነው፤ «የኮሌራ ቤት» የሚለውን ስም ያወጡት ልጆች ናቸውና።

መልስ 5፦ የሳቢያን መምህርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከጀጎል የተጻፈው ምክር ከስሕተት አድኖኛል፤ ለእድሩ ሊቀመንበር ለመደወል ስልኬን አንሥቼ ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት መልስ እትዬ ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ ስለ ቡናው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አንቺ ምን አደረግሽኝ?» አሉኝ። «ምንም አላደረግሁም፤ ይቆዩም አላልኩዎትም» ስላቸው ዝም ብለው ቆዩና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት። ስለ ስብሰባው ሳነሣ በግልጽ «ስሜን አታንሺ» አሉኝ። የጤና ኤክስቴንሽኗን ማምጣቱን ግን ወደዱት፤ «ስትመጣ ምጣዱን ጥጄ እንድታየኝ አርጊልኝ፤ እጄን ስታጠብም ትየኝ» አሉ። ለማክሰኞ ተነጋግረናል። ሲስተር፣ ስለ እጅና ስለ ጨርቅ የጻፉትን አንብቤላቸዋለሁ፤ የሚሸፍኑበትን ጨርቅ በየቀኑ እንደሚያፈሉት ነገሩኝ፤ ከበሽታው በፊትም ያደርጉት እንደነበር ጨምረው።

በክፍሌ ውስጥ ስለ ኮሌራ ማስተማር ጀምሬያለሁ፤ የማንንም ቤት ሳልጠቅስ ቦቴው፣ በርሜሉና እጃችን በሽታውን እንዴት እንደሚያደርሱት በሰሌዳው ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። የእትዬ ልጅ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አንዱ ተማሪ «ታዲያ እኛም ከዚያው ቦቴ ነው የጠጣነው» ሲል ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ ሰሌዳው ተመለከተ።

ከእትዬ ቤት ስወጣ አሥር እንጀራ ገዝቼ፣ ሳልሸፍነው በሰፌድ ይዤ በመንደሩ መካከል ወደ ቤቴ ሄድኩ። የፕላስቲኩን ብርጭቆ የሰጠችው ጎረቤታችን በሯ ላይ ቆማ ነበር፤ «ከየት ነው?» አለችኝ። ከየት እንደሆነ ነገርኳት። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጨመርኩም። እሑድ ቡናው በእኔ ቤት ነው፤ እርሷንም እትዬንም ጠርቻለሁ፤ ሲኒዎቹም ለሁሉም የሚበቁ ናቸው።