ሁለት ወገን ላለው ሰው አንድ መስመር ብቻ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ አዘዞ ተወልጄ ያደግሁ ወጣት ስሆን አባቴ አማራ፣ እናቴ ደግሞ የጭልጋ ቅማንት ናቸው። ለሥራ የምሞላው ቅጽ «ብሔር» ከሚለው ጎን አንድ አጭር መስመር ብቻ አለው፤ «አማራ» ብዬ ብሞላ የእናቴ ወገኖች የካድኋቸው ይመስላቸዋል፣ «ቅማንት» ብል ደግሞ የአባቴ ወንድሞች የቅማንት የማንነት ጥያቄ ፖለቲካ ውስጥ እንደገባሁ ይቆጥሩታል። ሁለቱንም ስጽፍ ተቀባይዋ «አንዱን ምረጪ» ብላ መለሰችልኝ።

ችግሩ ከእኔ እንደማይጀምር አውቃለሁ፤ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 172,327 ሰዎች ቅማንት ተብለው ሲመዘገቡ፣ በ1999ኙ ግን ቅማንት ራሱን ችሎ አልተቆጠረም። አያቴ ከጎረቤት ሽማግሌ ጋር በቅማንትኛ ሲያወጉ እየሰማሁ ባድግም ከሰላምታ አላልፍም፤ የእናቴ ዘመዶችም «ቋንቋውን ሳታውቂ?» ይሉኛል (እነሱም ቢሆኑ አብዛኞቹ የሚያወሩት አማርኛ ነው)።

ከሁለት ወገን የተወለዳችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንዲህ ያለውን ቅጽ እንዴት ሞላችሁት? ባዶ መተውስ ከውድድር ያስወጣል ወይ? ይበልጥ የምቸገረው ግን ለቅሶና ሠርግ ላይ «አንቺ የማን ወገን ነሽ?» ስባል ነውና፣ ማንንም ሳያስቀይም መመለስ የቻለ ሰው ካለ ምን ብሎ እንደመለሰ ቢጽፍልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።