ክርክር፦ ለዓይን ካንሰር ብለን የጨረር ማሽን ደሴ ይተከል እንበል?

አወያይ፦ ሰላም ጀመዓ። ሰሞኑን ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ የሚዞረውን የፊርማ ወረቀት አይታችኋል። «የልጆቻችን ዓይን በካንሰር እየወጣ ነው፤ የጨረር ማሽን ደሴ ይተከልልን» ይላል። ፈርማችኋል? ያልፈረማችሁስ ለምን? ተሳዳቢ ከግሩፑ ይወጣል።

ጋሽ ይመር፦ ካረቀቁት አንዱ ነኝ፣ አልደብቅም። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ጨረር አንድ ቀን ተወግተው የሚመለሱበት መርፌ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን እየተመላለሱ ሳምንታት ይፈጃል። የጤና መድን ደብተር ያለው ገበሬ እንኳ አልጋውንና ትራንስፖርቱን ከኪሱ ነው። ለብዙ ዓመታት ጨረር ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማም ሌላም ቦታ ገብቷል። ወሎ ምን አጠፋ?

ዘሃራ (ነርስ)፦ ጋሼ፣ ለጡትና ለማህፀን በር ካንሰር ብለው ቢጠይቁ እኔም እፈርም ነበር። የጻፉት ምክንያት ነው ልክ ያልሆነው። ሕፃናትን የሚይዘው የዓይን ካንሰር ሬቲኖብላስቶማ ይባላል፤ አብዛኛው ከ5 ዓመት በታች ነው የሚታየው። ድሮ ከውጭ የሚተኮስ ጨረር ዋና ሕክምናው ነበር። አሁን ሐኪሞች በተቻለ መጠን ይሸሹታል። በሽታው በዘር የመጣ ከሆነ ጨረሩ ባለፈበት አጥንትና ሥጋ ላይ ከዓመታት በኋላ ሌላ ካንሰር ሊነሳ ይችላል፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ላይ ደግሞ ይብሳል። የፊት አጥንቱም እድገቱ ይገታና ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት)፣ ሌዘር፣ በማቀዝቀዝ ማክሰም፤ ካልሆነ ዓይኑን ማውጣት ነው።

የሐረጎ ሹፌር፦ ማውጣት ደግሞ ሕክምና ሆነ? ዓይን እኮ ነው፣ ጥርስ አይደለም!

እሙ ሐያት፦ ወንድሜ፣ የኔዋ ወጥቶላታል። ዓመት ከምናምን ሳለች መብራት ሄዶ በስልክ ባትሪ ሳያት አንዱ ብሌኗ እንደ ድመት ዓይን ነጭ ሆኖ አበራ። ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ቅባት ሰጥተው መለሱኝ። ሰዉ ደግሞ «ዓይን ነው የበላት» አለኝ፤ ዱአም አስደረግን፣ ጎረቤቴም ፀበል አመጣችልኝ፣ አላህ ይስጣት። በመጨረሻ «ይውጣ» ሲባል አባቷ እምቢ አለ። ጨረር አለ ሲባል ሰምቷል፤ ጨረር ካልሆነ አላስነካም አለ። በዚህ ክርክር ብቻ ሁለት ወር ሄደ። ወላሂ አሁንም ሌሊት የምነቃው ስለ ዓይኗ አይደለም፣ ስለዚያ ሁለት ወር ነው። ዕጢው በነርቩ በኩል ወደ አንጎል ሳያልፍ ተደረሰባት እንጂ። ዛሬ 2ኛ ክፍል ናት። ሰው ሠራሹ ዓይን ስታድግ እንደ ጫማ በልኳ መቀየር አለበት፤ ለእሱ ማን ፊርማ ያሰባስብልኝ?

የሐረጎ ሹፌር፦ አፉ በይኝ እህቴ። አላወቅሁም።

መምህር (ፊዚክስ፣ ኮምቦልቻ)፦ አንድ ነገር ሳይደባለቅ። ለዓይን የሚሆን ሌላ ጨረር አለ። የሸሚዝ አዝራር የምታክል ጎድጓዳ ሳህን ናት፤ ውስጧ ጨረር የሚያመነጭ ሩቴኒየም 106 ወይም አዮዲን 125 አለ። የዓይን ሐኪሙ ዕጢው ባለበት ትይዩ የዓይኑ ነጭ ላይ ይሰፋትና ከጥቂት ቀናት በኋላ ያነሳታል። ጨረሩ ብዙም አይርቅም፣ የፊት አጥንቱ ይተርፋል። ትንሽና አንድ ቦታ ላይ ያለ ዕጢ ለያዘው ልጅም ትሠራለች። አሜሪካ ውስጥ ሜላኖማ በሚባል ሌላ ዓይነት የዓይን ካንሰር የተያዙ 1,317 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለግማሹ ዓይኑን አወጡ፣ ለግማሹ ይህችኑ ሰፉ፤ በሕይወት በመቆየት ልዩነት አልተገኘም። ሜላኖማው ግን በብዛት የፈረንጅ በሽታ ነው፣ የኛ ችግር እሱ አይደለም። አዮዲኑ ደግሞ በ60 ቀን ግማሹ ያልቃል፤ የኛ ጉምሩክ እስኪለቀው ባዶ አዝራር ነው የሚደርሰን። ሩቴኒየሙ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

ዋናው ነገር፣ ጋሽ ይመር ወረቀት ላይ ያለው ትልቁ ማሽን ይህን አያደርግም። እሱ ወፍራም የኮንክሪት ግንብ፣ የማይቆራረጥ መብራትና የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ይፈልጋል።

የሐረጎ ሹፌር፦ አባቴ ዓይኑ ነጭ ላይ ሥጋ አብቅሎ ነበር፣ ካንሰር ነው ተባለ። እሱስ ጨረር አይሻም?

ዘሃራ፦ እሱ የላይኛው ሽፋን ካንሰር ነው፤ የፀሐይ ጨረርና ኤችአይቪ ያባብሱታል። ብዙውን ጊዜ ቆርጦ ማውጣት ነው። ኬንያ ውስጥ ተሞክሮ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለ4 ሳምንት ፍሎሮዩራሲል የሚባል የካንሰር መድኃኒት ጠብታ ከተሰጣቸው ተመልሶ የመጣባቸው 11 በመቶ ገደማ፣ ጠብታውን ካላገኙት 36 በመቶ። ጠብታ ነው እንግዲህ፣ ግንብ አይፈልግም።

ጋሽ ይመር፦ ሁላችሁም አዋቂ ናችሁ። እኔ ግን ጡረተኛ ነኝ፣ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያልጠየቀ አያገኝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እንጀራም አይገባበትም! ማሽኑ ሲመጣ ባለሙያውም መብራቱም ይመጣል።

ዘሃራ፦ ይጠይቁ ጋሼ። ግን ወረቀቱን ያነበበ አባት «ጨረሩ እስኪመጣ ልጄን አላስነካም» ቢልስ? እሙ ሐያት የነገረችን ይህንኑ አይደለም? እኔ ብጽፈው ለየጤና ጣቢያው አንድ ኦፍታልሞስኮፕ (የዓይንን ውስጥ በብርሃን ማያ መሣሪያ) እጠይቃለሁ። ልጅ በ9 ወርና በ15 ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ይመጣል፤ እግረ መንገዱን ብሌኑ ይታይ። ነጭ ነጸብራቅ ወይም የዞረ ዓይን ከታየ በዚያው ሳምንት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል።

እሙ ሐያት፦ በዚያው ቀን በይ።

ጋሽ ይመር፦ እሺ፣ የክትባቱን ነገር አንድ መስመር እጨምራለሁ። የማሽኑን ጥያቄ ግን አላነሳም።

ዘሃራ፦ አያንሱት። «የልጆቻችን ዓይን» የሚለውን ግን ይሰርዙ።

ጋሽ ይመር፦ እሱን ከሰረዝኩት ማን ይፈርምልኛል?