ክርክር፦ ሰፈራችን የራሱ ከንቲባ ያለው ከተማ ይሁን ወይስ በጆርጂያው ዲካልብ ካውንቲ ሥር ይቆይ?

የሸገር ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ቅዳሜ ዕለት ሁለት ጎረቤቶቼ በር አንኳኩተው አንድ ደብዳቤ አሳዩኝ። ለስቴቱ ምክር ቤት ተወካያችን የተጻፈ ነው፤ ሰፈራችን የራሱ ከንቲባና ምክር ቤት ያለው ከተማ እንዲሆን ረቂቅ ሕግ ያቅርቡልን ይላል። ፊርማ እየሰበሰቡ ነው። ለመፈረም አስቤያለሁ፤ ግን ከእናንተ ጋር ሳልመክር ብዕር ማንሳት አልፈለግኩም።

ለምን እንደምደግፍ ልንገራችሁ። የፖስታ አድራሻዬ ስቶን ማውንቴን ይላል። የዚያች ከተማ ነዋሪ ነኝ ብዬ ዓመታት ከኖርኩ በኋላ ነው፣ ከንቲባ ልመርጥ ስል፣ ቤቴ ከከተማዋ ወሰን ውጭ መሆኑን ያወቅኩት። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ደብዳቤያችን ላይ ዲኬተር ወይም ስቶን ማውንቴን ተብሎ ይጻፋል እንጂ የሚያስተዳድረን ካውንቲው ብቻ ነው። በ2020ው ቆጠራ ዲካልብ 764 ሺህ ሰው ነበረው፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚወክሉት አንድ ዋና ሥራ አስፈጻሚና 7 ኮሚሽነሮች ናቸው። ክላርክስተንን እዩ፤ በዚያው ቆጠራ 15 ሺህ እንኳ አልሞላችም፣ ግን የራሷ ከንቲባ አላት። ኤርትራ የተወለደ ሰው ምክር ቤቷ ውስጥ ተቀምጦ ያውቃል። በትንሽ ከተማ የእኛ ድምፅ ይሰማል። ምን ትላላችሁ?

እናት ዓለም፦
ወንድሜ፣ እኔ አልፈርምም። የቤቴ ግምት ከፍ ሲል ኤስክሮው (ባንኩ ለቤት ግብርና ለኢንሹራንስ የሚሰበስበው) ጨምሮ ወርሃዊ ክፍያዬ ስንት እንደደረሰ እኔ ነኝ የማውቀው። ባለቤቴ ማታ ማታ እየነዳ፣ እኔ ቅዳሜና እሑድ ነርሲንግ ሆም እየሠራሁ ነው የምንከፍለው። አሁን ደግሞ በካውንቲው ላይ ከተማ ሲጨመርበት ሁለት ግብር ሊሆን ነው? ለከንቲባው ደመወዝ፣ ለጽሕፈት ቤቱ ኪራይ፣ ለጠበቃው ማን ሊከፍል ነው? ትምህርት ቤቱን የሚያሻሽል ቢሆን እሺ ባልኩ፤ የልጆቼ ነገር ነውና።

የቱከር ነዋሪ፦
እህቴ፣ እኔ ቱከር ከተማ ስትሆን እዚሁ ነበርኩ። በኅዳር 2015 ድምፅ ሰጥተን በ2016 ሥራ ጀመረች። ሲጀምሩ ሦስት ነገር ብቻ ነው የያዙት፦ ዞኒንግ (የትኛው መሬት ለምን ሥራ ይዋል የሚለው ደንብ)፣ ኮድ ኢንፎርስመንት (የቤትና የግቢ ደንብ ማስከበር) እና ፓርክ። ፖሊሱ የዲካልብ ሆኖ ቀጠለ፣ እሳት አደጋውም፣ ውኃውም። የፈራነው ሁሉ አልደረሰም። እኔን ደስ ያለኝ ስብሰባው ነው። ከሥራ ወጥቼ አሥር ደቂቃ ነድቼ እደርሳለሁ፣ ተነሥቼ እናገራለሁ፣ የሚሰማኝ ሰው ጎረቤቴ ነው።

ሒሳብ ሠሪው፦
ልጆቼ፣ ከመከራከራችን በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንወቅ። ታክስ ስሠራላችሁ የምትጠይቁኝ ስለሆነ ላስረዳ።

በጆርጂያ ነዋሪ ተሰብስቦ "ከተማ ሆነናል" ማለት አይችልም። ከተማ የሚወለደው ከስቴቱ ምክር ቤት ነው። አንድ ተወካይ ወይም ሴናተር ቻርተሩን፣ ማለትም የከተማውን መተዳደሪያ ሕግ፣ በረቂቅ ሕግነት ያቀርባል፤ አዲሱ ከተማ በገቢው ራሱን መቻል አለመቻሉን የሚመረምር የአዋጭነት ጥናት በዩኒቨርሲቲ ይሠራል፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች ካጸደቁትና ገዥው ከፈረሙ በኋላ በታሰበው ወሰን ውስጥ የሚኖሩ መራጮች ብቻ ሕዝበ ውሳኔ ይሰጣሉ። ከግማሽ በላይ ካገኘ ከተማ ነው። የስቴቱ ምክር ቤት በጥር ተከፍቶ የሚሠራው 40 የሥራ ቀን ብቻ ስለሆነ ነገሩ ሁለት ዓመት ቢፈጅ አይድነቃችሁ።

እናት ዓለም፣ የትምህርት ቤቱን ተስፋ ተዪው። የጆርጂያ ሕገ መንግሥት አዲስ ከተማ የራሱን የትምህርት ቤት አስተዳደር እንዲያቋቁም አይፈቅድም። አትላንታና ዲኬተር ያላቸው ከድሮ ጀምሮ ስለነበራቸው ነው። ልጆችሽ በዲካልብ ትምህርት ቤቶች ይቀጥላሉ። ግብሩን በተመለከተ ግን ፍርሃትሽ መሠረት አለው። ሕጉ አንድ ከተማ ቢያንስ ሦስት አገልግሎት እንዲሰጥ ያዛል፤ እንደ ቱከር ሦስቱን ቀላል ቀላል ከመረጠ ወጪው ትንሽ ነው፣ ፖሊስ እናቋቁም ያለ ዕለት ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ቻርተሩ ላይ የግብር ጣሪያ ተጽፎ እንደሆነ፣ ጣሪያውን ለማንሳት ሕዝብ ይጠየቅ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ጎረቤትህ ያመጣው ደብዳቤ ይህን ይናገራል ወይ?

የሸገር ልጅ፦
አይናገርም ጋሼ። አንድ ገጽ ነው። ካርታም የለውም።

ሒሳብ ሠሪው፦
እንግዲያው ዋናው ነገር ጎድሏል። ክርክሩ ሁሉ ያለው ካርታው ላይ ነው። ቱከርና ጎረቤቷ ከተማ ልሁን ያለችው ላቪስታ ሂልስ በአንድ ቀን ለሕዝበ ውሳኔ ከመቅረባቸው በፊት ስንት ጊዜ ተጣልተዋል! ሁለቱም የኖርዝሌክን የገበያ አካባቢ ይፈልጉ ነበር፤ ሱቅና ቢሮ ያለበት ቦታ ግብር ያመጣል፣ አገልግሎት የሚፈልገው ግን ጥቂት ነው። በመጨረሻ መስመሩን ያሰመረላቸው ከተወካዮች ምክር ቤት የተውጣጣ ኮሚቴ ነው። በምርጫው ቀን ቱከር በሰፊ ልዩነት አለፈች፤ ላቪስታ ሂልስ በ136 ድምፅ ተሸንፋ ቀረች። 136! አንድ የቤተ ክርስቲያናችን የእሑድ ጉባኤ ከዚያ ይበልጣል።

እናት ዓለም፦
ጋሼ፣ ስቶንክረስትንስ ለምን አላነሱም? እዚሁ ዲካልብ ውስጥ ነው። በ2016 ሕዝቡ ደስ ብሎት ድምፅ ሰጠ። የመጀመሪያው ከንቲባቸው ለኮቪድ ችግረኞች የመጣ የእርዳታ ገንዘብ ሰርቆ በ2022 ጥፋቱን አምኖ እስር ተፈረደበት። ትንሽ ከተማ ማለት ጥቂት ሰው ገንዘቡን ይዞ የሚቆጣጠረው የሌለበት ማለትም ሊሆን ይችላል።

የቱከር ነዋሪ፦
እውነት ነው፣ አልክድም። ሌባ ግን በትልቁም በትንሹም መንግሥት አለ። ለእኔ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ይህ አዲስ ከተማ የመሆን ነገር በ2005 ከሳንዲ ስፕሪንግስ ሲጀመር ሀብታም ሰፈር ግብሩን ለራሱ ይዞ ከካውንቲው መለየት ነበር። 94 ከመቶው ነው የደገፈው። ከዚያ ደንዉዲ፣ ብሩክሄቨን ተከተሉ። የአትላንታ ሀብታም ሰፈር ባክሄድ ደግሞ ከአትላንታ ራሷ ልገንጠል ብላ በ2023 ስቴቱ ሴኔት 33 ለ23 ውድቅ አደረገባት። ጥሩ ጥሩው ሲወጣ ካውንቲው ውስጥ የሚቀረው ሰው የፖሊሱን ጡረታና የድሮውን ዕዳ ይሸከማል። እኛ የምንወጣው ሰዎች ነን ወይስ የምንቀረው? ካርታ ሳናይ ማወቅ አንችልም።

ባለ ምግብ ቤቷ፦
እኔ የምናገረው ስለ ሥራዬ ነው። ከተማ ከሆነ የንግድ ፈቃዱን፣ የመጠጥ ፈቃዱን፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውን መጠን የሚወስነው አዲሱ ምክር ቤት ነው። ሌላ ቦታ ሳለሁ ሙዚቃ እስከ ስንት ሰዓት ይፈቀድ በሚል ስብሰባ ላይ ስለ እኔ ቤት ሲወራ በአዳራሹ ውስጥ አንድም አበሻ አልነበረም። ብቻዬን ቆሜ ተናገርኩ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኖቻችንንም አስቡ። መጋዘን ገዝተን ቤተ መቅደስ ስናደርግ፣ ለበዓል መኪናው መንገድ ሲሞላ፣ ድንኳን ስንተክል፣ ይህን የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል ዞኒንግ ነው። ዛሬ ኮሚሽነሮቹን እናውቃቸዋለን፣ ደጅ ጠንተን ተግባብተናል። ነገ ማን እንደሚመጣ አላውቅም። ስለዚህ ከተማውን አልቃወምም፤ ምክር ቤቱ ውስጥ የእኛ ሰው የሚወዳደር ከሌለ ግን እኔ የለሁበትም።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ግሪን ካርድ ነው የያዝኩት። ሁላችሁም "ድምፅ እንሰጣለን" ትላላችሁ። እኔና አብሮኝ አፓርታማው ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ ሲቲዝን አይደለም፣ በሕዝበ ውሳኔው መምረጥ አንችልም። ኪራዩን ግን እኛ ነን የምንከፍለው። ባለቤቱ ግብር ሲጨመርበት በኪራይ ላይ ይጨምርብናል። ኮድ ኢንፎርስመንት ሲጠብቅ ደግሞ ሻጋታና የተበላሸ ማሞቂያ የሚሠራልን ከሆነ እኔ ከማንም በፊት እደግፋለሁ። ቤታችሁን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ።

ባለ ምግብ ቤቷ፦
ልጄ፣ ጥሩ ተናገርክ። ካርታ ሠሪው መስመሩን ሲያሰምር ሜሞሪያል ድራይቭ ላይ ያሉትን አፓርታማዎች ዘሎ ሱቆቹን ብቻ ቢያስገባ ማን ይጠይቀዋል?

ሒሳብ ሠሪው፦
ለዚህ ነው ሕዝበ ውሳኔውን አትጠብቁ የምለው። ድምፅ መስጫው ቀን የሚጠየቀው "አዎ" ወይም "አይ" ብቻ ነው። ወሰኑ፣ የግብር ጣሪያው፣ የምክር ቤቱ ወንበር ብዛት፣ ተወካዮቹ በወረዳ ተከፋፍለው ይመረጡ ወይስ በጠቅላላው የሚለው ሁሉ ከዚያ በፊት ረቂቁ ላይ አልቋል። በወረዳ ከሆነ አፓርታማዎቹ ያሉበት ወረዳ የራሱ ወንበር ይኖረዋል፤ በጠቅላላ ከሆነ ባለ ቤቶቹ ሁሉንም ይወስዱታል። አዲስ ገቢም ለተወካዩ ለመጻፍ፣ ለመደወል፣ ስብሰባ ላይ ለመናገር ሲቲዝን መሆን አያስፈልገውም።

እናት ዓለም፦
ጋሼ፣ ረቂቁ ሲጻፍ እንገኝ በሚለው ከተስማማን እኔም እመጣለሁ። ከተማውን ግን አሁንም አልደገፍኩም። የግብር ጣሪያው ቻርተሩ ላይ ካልተጻፈ "አይ" ነው የምለው፣ ጎረቤት ቅር ቢለውም።

የሸገር ልጅ፦
ተግባባን። አሁን ጎረቤቴ ጋ ደውዬ ነበር። ካርታው ገና አልተሠራም፣ የሚሠሩት አምስት ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም ባለ ቤት ናቸው አለኝ። ስድስተኛና ሰባተኛ ሰው ብናመጣ ይቀበሉ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ደስ ይለናል አለ። ደብዳቤውን ለጊዜው አልፈረምኩም። ባለ ምግብ ቤቷ እህታችንና አዲስ ገቢ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ሐሙስ ማታ ወደ እነሱ አብረን እንሂድ። አዲስ ገቢ፣ መኪና ከሌለህ በአንድ ሰዓት እመጣልሃለሁ፤ የአፓርታማህን ስምና ቁጥር በውስጥ ላክልኝ።

አዲስ ገቢ፦
እመጣለሁ። የአፓርታማችንን ነዋሪዎችም እጠይቃለሁ፤ የሶማሌና የኔፓል ጎረቤቶች አሉን፣ እነሱም ቢሰሙት ጥሩ ነው።